አርባ ተማሪ፣ አንድ ገል

(ለመምህራንና ለሙዚየም ሠራተኞች በተዘጋጀ የግማሽ ቀን ውይይት ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ነካ ነካ አድርጌዋለሁ እንጂ አነጋገሬን አልቀየርኩትም። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እሺ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር በመካከላችሁ ላዙር። ይህች በጨርቅ የተጠቀለለችው ገል ናት። ከአንድ የሸክላ ዕቃ አፍ የተሰበረች፣ ከመዳፌ ትንሽ የምታንስ። ከፊት ወንበር ጀምራችሁ እየተቀባበላችሁ እዩዋት። በሁለት እጅ ያዟት፣ ደግሞ ከጠረጴዛው ብዙ ከፍ አታድርጓት። ብቻ ዝም ብላችሁ ለጎረቤት እንዳታሳልፏት፤ አገላብጧት፣ በጣታችሁ ዳብሷት፣ ማሽተት የፈለገም ያሽትት። ወደ መጨረሻው እንመለስባታለን።

እሷ ስትዞር እኔ ልጠይቅ። ተማሪ እያላችሁ ከክፍል ጓደኞቻችሁ ጋር ሙዚየም የሄዳችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ኧረ ብዙ ናችሁ! አሁን ደግሞ እዚያ ካያችሁት ዕቃ አንዱን፣ አንዱን ብቻ፣ ከነዝርዝሩ የማታስታውሱ እጃችሁን አውርዱ። አያችሁ? ሦስት እጅ ቀረ። አውቶቡሱን ግን ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። ማን ከማን ጎን እንደተቀመጠ፣ መንገድ ላይ ማንን እንዳስመለሰው፣ "አትንኩ!" እያለ የሚጮኸውን ጥበቃ ድምፅ።

ልጆቹ ላይ አልፈርድም። ይህን የምናደርገው እኛ ነን፣ እኔም አድርጌዋለሁ። አስጎብኚ ሆኜ ሥራ ስጀምር ለአንድ ክፍል ተማሪ የሚሰጠኝ ጊዜ አንድ ሰዓት ነበር፤ የማሳያ ክፍሎቹ ደግሞ አሥራ አንድ። ስለዚህ ሮጥን። አርባ ልጅ አስከትዬ፣ ፊቴን ወደነሱ አዙሬ ወደ ኋላ እየተራመድኩ፣ ዓመት በዓመት ላይ ንጉሥ በንጉሥ ላይ እየደራረብኩ፣ ትንፋሽ ሳልወስድ ለፈለፍኩ። አንድ ቀን አንድ ልጅ፣ አሥር ዓመት ቢሞላው ነው፣ ስባሪው ተገጣጥሞ የተጠገነ ማሰሮ ፊት ቆሞ ቀረ። "ማነው የሰበረው?" አለኝ። "ና፣ ና፣ ረፍዶብናል" አልኩት።

በቃ፣ ይኸው ነው። በዚያ ሰዓት ውስጥ ከተነገረው ሁሉ፣ የእኔን ልፍለፋ ጨምሮ፣ የሚረባው ነገር የልጁ ጥያቄ ነበር። እኔ እንደ ዝንብ እሽ አልኩት። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል።

ስለዚህ የዛሬው ጉዳዬ አንድ ነው። ሙዚየም ተማሪን የሚያስተምረው የዕቃ ብዛት በማሳየት አይደለም። ልጅ አንድ ዕቃ ፊት እንዲቆም፣ እንዲጠይቅ፣ ቢቻል እንዲነካ፣ ተሳስቶም እንዲገምት ጊዜ ሲሰጠው ነው።

ነገሩ ደግሞ የዘመናችን ግኝት እንዳይመስላችሁ። በ1925 ሊዮናርድ ዉሊ የሚባል እንግሊዛዊ አርኪዮሎጂስት ደቡብ ኢራቅ ውስጥ የጥንቷን ዑር ከተማ ሲቆፍር ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠመው። ሕንፃው ከክርስቶስ ልደት በፊት የ6ኛው መቶ ዓመት ነው። ወለሉ ላይ የተገኙት ዕቃዎች ግን የተለያየ ዘመን ናቸው፤ አንዱ ከሌላው በመቶዎች ዓመታት ይራራቃል፣ አንዳንዱማ ሕንፃው ሲሠራ ራሱ ከሺህ ዓመት በላይ ያረጀ ነበር። ከመካከላቸው ትንሽ ከበሮ የምትመስል ሸክላ ነበረች። ላይዋ ላይ የአንድ ጥንታዊ ጡብ ጽሑፍ ተገልብጧል፣ ጡቡ እንዴት እንደተገኘ የሚያስረዳ ማስታወሻም ታክሎበታል። ዉሊ ይህ የሙዚየም መግለጫ ጽሑፍ ነው አለ። ቦታውንም የባቢሎኑ ንጉሥ የናቦኒደስ ልጅና የጨረቃ አምላክ ሊቀ ካህናት የነበረችው የኤኒጋልዲ-ናና ሙዚየም ነው ብሎ ተረጎመው። ከእሱ በኋላ የመጡት ምሁራን "ሙዚየም ማለት አልበዛም ወይ?" እያሉ ይከራከራሉ፤ ይከራከሩ። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። እዚያው ሕንፃ ውስጥ የተማሪዎች መለማመጃ ጽላቶችም ተገኝተዋል። የድሮው ዕቃና ተማሪው ከ2,500 ዓመት በፊት በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ ማለት ነው።

የተማሪ ጽላት ካነሳን ላይቀር፣ በጣም የምወዳትን ልንገራችሁ። የሒሳብ መምህራን እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ። በአሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ የባቢሎን ክምችት ውስጥ "ዋይ ቢ ሲ 7289" ተብላ የተመዘገበች ክብ ሸክላ አለች። መዳፍ ላይ ትቀመጣለች። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1800 እስከ 1600 ባለው ጊዜ የተጻፈች ናት፣ ቅርጿም የተማሪ መለማመጃ እንደሆነች ያሳብቃል። ካሬ ተስሎባታል፣ ከጥግ እስከ ጥግ የሚሄዱት ሁለቱ መስመሮችም አሉ። ጎኑ ላይ 30 ተጽፏል። ሰያፉ መስመር ላይ ደግሞ አራት ቁጥሮች ተሰልፈዋል፤ 1፣ 24፣ 51፣ 10።

ልጆች ፊት ይህን ብቻ አስቀምጡ። "ይህ ምንድነው?" በሉ። ባቢሎናውያን በስድሳ ቤት እንደሚቆጥሩ ንገሯቸውና ተዉአቸው። አንድ፣ ሲደመር ሃያ አራት ስድሳኛ፣ ሲደመር ሃምሳ አንድ ሲካፈል ለ3,600፣ ሲደመር አሥር ሲካፈል ለ216,000። ካልኩሌተሩ ላይ የሚመጣው 1.414213 ገደማ ነው። የ2 ስኩዌር ሩት! ከትክክለኛው የሚለየው ከሚሊዮን አንድ እጅ በማይሞላ ነው። ፓይታጎረስ ከመወለዱ ከሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ። እንግዲህ ይህን ሁለተኛ ደረጃ ያለ ልጅ ራሱ ቆጥሮ ሲደርስበት ፊቱን ማየት ነው። ያው ቁጥር ከመጽሐፉ ውስጥም አለ እኮ። እዚያ ግን ማንም ከጭቃ ላይ ፈልቅቆ አላወጣውም።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ይመስለኛል። መማሪያ መጽሐፍ ጥያቄውንም መልሱንም ይዞ ነው የሚመጣው፤ መልሱ ከኋላ ገጽ ላይ ስለሆነ ልጁም ያውቀዋል። ዕቃ ግን ዝም ይላል። ዝም ስላለ ልጁ መናገር አለበት።

ገሏ የት ደረሰች? ሦስተኛው ረድፍ። ጥሩ፣ አትቸኩሉ።

እስቲ እሷን ራሷን እንውሰድ፣ አንድ ክፍል ጊዜ ሙሉ ታስተምራለች ስላችሁ ቀልድ አይደለም። መጀመሪያ ስብራቷን በጎን እዩ። ውጪዋ ቀላ ያለ፣ ውስጧ መሃሉ ላይ ግራጫ ነው፣ እንደ ሳንድዊች። ሸክላ ውስጥ ብረት አለ፤ ሲተኮስ ኦክስጅን ካገኘ ይቀላል። ጭቃው ውስጥ የነበረው የዕፅዋት ቅሪት ደግሞ ካርቦን ነው፣ እሱም ተቃጥሎ ለመውጣት ጊዜና አየር ይፈልጋል። እሳቱ ቶሎ ከጠፋ ወይም አየር ካጠረ መሃሉ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። የኬሚስትሪ መምህሩ ኦክሲዴሽን ብሎ ሰሌዳ ላይ የጻፈው ነገር ይኸው፣ በእጅ ይዳሰሳል። ከዚያ ደግሞ ነጫጭ ፍሬዎች አሉ፣ አሸዋ ናቸው። ሸክላ ሠሪዋ ሆን ብላ ነው የደባለቀችው፣ ዕቃው ሲደርቅና ሲተኮስ እንዳይሰነጠቅ። በሌላ ቦታ ጭድ ይገባል፣ በሌላ ቦታ የተፈጨ ቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ ሌላው ደግሞ አሮጌ ገል ፈጭቶ አዲሱ ውስጥ ይጨምራል። ይህ የምሕንድስና ውሳኔ ነው፤ ያለ ላቦራቶሪ፣ ያለ ወረቀት።

ከዚያ ከንፈሯን፣ ማለቴ የዕቃውን አፍ ጠርዝ፣ ተመልከቱ። ቅስት ነው። ሙሉ ዕቃው የለም፤ ግን አፉ ምን ያህል ይሰፋ እንደነበር ማወቅ ይቻላል። ቅስቱን ወረቀት ላይ ንደፉት። ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀጥታ ለኩ፤ 8 ሴንቲ ሜትር እንበል። ከዚያ ቀጥታ መስመር መሃል ተነስቶ ቅስቱ ድረስ ያለውን ከፍታ ለኩ፤ 1 ሴንቲ ሜትር። የ8 ካሬ 64፣ ለስምንት ጊዜ ከፍታው ሲካፈል 8፣ የከፍታው ግማሽ ሲደመር 8.5። ሬዲየሱ ያ ነው። አፉ 17 ሴንቲ ሜትር ስፋት ነበረው። አርኪዮሎጂስቶች ለዚህ በአንድ መሃል ዙሪያ የተደረደሩ ክቦች ያሉበት ወረቀት ይጠቀማሉ፣ ገሉን እያስጠጉ የሚገጥመውን ክብ ይፈልጋሉ። ልጆች ሁለቱንም ቢሞክሩ መልሱ ትንሽ ይለያያል፣ ለምን እንደተለያየ ሲጨቃጨቁ ደግሞ ስለ መለኪያ ስሕተት ይማራሉ፤ እናንተ ሳትናገሩ።

ውጪዋ ላይ ጥቀርሻ አለ፤ እሳት ላይ ተጥዳ ነበር ማለት ነው። ውስጧ ላይ እኩል እኩል የተራራቁ ቀጫጭን መስመሮች ቢኖሩ ኖሮ በሚሽከረከር መንኮራኩር ተሠርታለች እንል ነበር። የሉም። ውፍረቷም እዚህና እዚያ ይለያያል፣ ስለዚህ በእጅ ሳትሠራ አትቀርም። አንዳንድ ሸክላ ላይ ደግሞ ጭቃው ሳይደርቅ የተነካበት የጣት አሻራ ይቀራል። ተመራማሪዎች በአሻራው መስመሮች መካከል ያለውን ርቀት እየለኩ የሠራው ትልቅ ሰው ይሁን ልጅ ይገምታሉ፤ የልጅ ጣት መስመሩ ጠበብ ይላል።

እና ማነው የሰበራት? እሱንም ከዚህ እንጀምራለን። የስብራቱ ጠርዝ ስል ከሆነ በቅርብ የተሰበረ ይሆናል፣ ምናልባትም በቁፋሮው ዶማ። ጠርዙ ከተለሳለሰ ከጥንት ጀምሮ እየተንከባለለ ኖሯል። ያንን ልጅ ዛሬ ባገኘው ይህን ነበር የማሳየው።

አሁን "ሙዚየም ጥንታዊ ቅርስ ለልጅ ያስይዛል እንዴ?" የምትሉ አላችሁ፣ በተለይ ከቅርስ ጥበቃ ክፍል የመጣችሁት፤ ፊታችሁ ያስታውቃል። ልክ ናችሁ፣ ሁሉም አይያዝም። ይህች ገል የትና መቼ እንደተቆፈረች ማንም አልመዘገበም፣ ስለዚህ ለምርምር ብዙም ስለማትጠቅም ወደ ማስተማሪያ ሳጥን ገባች። ለመነካት የሚለዩ ዕቃዎች እንደዚህ ናቸው፤ ብዙ አምሳያ ያላቸው፣ ጠንካራ የሆኑ፣ መረጃቸው የጎደለ። ይህም ራሱ ትምህርት ነው፤ አንድ ዕቃ የተገኘበት ቦታ ሳይመዘገብ ሲቀር ምን ያህል ነገር አብሮ እንደሚጠፋ ልጆቹ ገሏን ይዘው ይረዱታል። ስለ ጓንትም አንድ ነገር ልበል፣ ሁሌ ስለምጠየቅ። ብረትና ፎቶግራፍ ከሆነ አዎ፣ የእጅ ላብና ቅባት ይጎዳቸዋል። ሸክላና ድንጋይ ከሆነ ግን የጥጥ ጓንት ያንሸራትታል፣ ከታጠበና ከደረቀ እጅ ይልቅ እሱ ነው የሚሰብር።

ደግሞ መጋዘናችን ውስጥ ያለውን እናስብ። የብሪቲሽ ሙዚየም 8 ሚሊዮን ያህል ዕቃ አለው፤ ለእይታ የሚያወጣው 80,000 ገደማ ነው፣ ማለትም ከመቶ አንድ። ሌሎች ትልልቅ ሙዚየሞችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ታዲያ መደርደሪያ ላይ ከሚተኛ ለምን ወደ ክፍል አይሄድም ያሉ ሰዎች ድሮም ነበሩ። የሊቨርፑል ሙዚየም በ1884 ዕቃ በሳጥን እያደረገ ለትምህርት ቤቶች ማዞር ጀመረ። ሴንት ሉዊስ ከተማ በ1904 የተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሲያበቃ ከዚያ የተረፉ ዕቃዎችን ሰብስቦ በ1905 የትምህርት ቤቶች ሙዚየም ከፈተ፤ ዕቃው በፈረስ ጋሪ እየተጫነ ነበር በየትምህርት ቤቱ የሚዞረው። አስቡት፣ ፈረሱ ሲመጣ የነበረውን ጫጫታ! እንግሊዝ አገር ያለው የሬዲንግ ሙዚየም የብድር ሳጥን አገልግሎቱን በ1911 ነው የጀመረው። ከመቶ ዓመት በላይ የተፈተነ ሥራ ነው ማለት ነው። አንዳንዴ ዕቃ ይሰበራል ወይ? ይሰበራል። በረዥሙ ሲታይ ግን የሚሰበረው ካልተነካው ይልቅ ጠቅሟል፣ እኔ እንደዚያ ነው የማስበው። የማትስማሙ በሻይ ሰዓት ተጣሉኝ።

ዋናው ዕቃ መውጣት ካልቻለስ? ቅጂ ይሠራል። የጥንት ግብፅን ጽሑፍ ለመፍታት ቁልፍ የሆነውን የሮዜታ ድንጋይን ውሰዱ። ለረዥም ዘመን ክፍት ተቀምጦ ጎብኚ ሁሉ ይዳብሰው ነበር፤ አሁን መስታወት ውስጥ ነው። ስለዚህ ብሪቲሽ ሙዚየም እዚያው ሌላ አዳራሽ ውስጥ የሚነካ ቅጂ አስቀምጧል። ድንቅነሽም (ሉሲ የሚሏት) በ1974 ሐዳር ላይ ከተገኘች ወዲህ ቅጂዎቿ በብዙ አገር ሙዚየሞችና ክፍሎች ገብተዋል። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያላት ዋናዋ አጥንት በየክፍሉ አትዞርም፣ መዞርም የለባትም። ልጆች ግን የዳሌዋን ቅጂ ከቺምፓንዚ ዳሌና ከሰው ዳሌ ጎን ካስቀመጡት ሥራው አለቀ። የቺምፓንዚው ረዥምና ጠባብ ነው። የእሷ አጭርና ሰፊ፣ የእኛን ይመስላል። "በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር" የሚለውን ከእናንተ አፍ መስማት አያስፈልጋቸውም። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ቅጂ መሆኑን ንገሯቸው። ልጅ በኋላ ሲያውቅ እንደተታለለ ነው የሚቆጥረው፣ ደግሞም እውነቱን ነው።

አሁን ጉብኝቱ እንዴት ይሁን ወደሚለው ልምጣ።

ክሪስታል ብሪጅስ የሚባል የሥነ ጥበብ ሙዚየም በ2011 በአሜሪካ አርካንሳስ ግዛት ሲከፈት ለትምህርት ቤቶች ነፃ ጉብኝት አዘጋጀ። ጠያቂው ከአቅም በላይ ሆነ። የአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ታዲያ ዕጣ ይውጣ አሉ፤ ዕጣ ከወጣ ዘንድ የሄዱትንና ተራ የሚጠብቁትን ማወዳደር ይቻላላ። ብልጦች ናቸው። 123 ትምህርት ቤቶች፣ ወደ 11,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ተሳተፉ። ከሳምንታት በኋላ ሲጠየቁ፣ አንድ የጥንት ሥዕል ካዩት ውስጥ 88 በመቶዎቹ ሥዕሉ የባርነት ተቃዋሚዎች ከሜፕል ዛፍ ጣፋጭ ሲያዘጋጁ እንደሚያሳይ፣ ይህንም የሚያደርጉት በባሮች ጉልበት የሚንቀሳቀሰውን የስኳር ንግድ ለማዳከም እንደሆነ ያስታውሱ ነበር። ማንም ለፈተና ይመጣል አላላቸውም። አዲስ ሥዕል ተሰጥቷቸው ሲጽፉም ካልሄዱት ይልቅ ነገር አስተውለው በማስረጃ ይከራከሩ ነበር። ለውጡ ጎልቶ የታየው ደግሞ ከገጠርና ከድሃ ትምህርት ቤቶች በመጡት ላይ ነው። ለምን ቢባል፣ ሌላው ልጅ ቅዳሜ ከወላጆቹ ጋር ይሄዳል። እነሱ ትምህርት ቤቱ ካልወሰዳቸው የሚወስዳቸው የለም።

ግን ዋናውን ልብ በሉልኝ። በዚያ አንድ ሰዓት ጉብኝት ብዙውን ጊዜ የሚያዩት አምስት ሥዕል ነበር። አምስት! እኔ በአንድ ሰዓት አሥራ አንድ ክፍል እየሮጥኩ ነበር።

አንድ ሥዕል ፊት አሥር ደቂቃ ምን ይደረጋል ለምትሉ፣ ፊሊፕ የናዋይንና አቢጌል ሃውሰን ያስፋፉት ሦስት ጥያቄ ያለው ዘዴ አለ፤ የትም ይሠራል። እዚህ ሥዕል ላይ ምን እየሆነ ነው? ምን አይተህ ነው እንደዚያ ያልከው? ሌላስ ምን እናገኛለን? በቃ። ሁለተኛዋ ናት አስማቷ። ልጁ "ሴትየዋ አዝናለች" ይላል። ምን አይተህ? "አንገቷን ደፍታለች።" ሌላዋ "አይ፣ እያነበበች ነው" ትላለች። ምን አይተሽ? እንዲህ እየተባለ ነገሩ ይቀጣጠላል። አስጎብኚውን የሚከብደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝም ማለት። ለእኔ በጣም ከብዶኝ ነበር። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ፤ ይሄ ዘዴ ብቻውን ይበቃል የሚሉ ሰዎች ያበዙታል። ልጁ መቼና የት እንደተሠራ ሳይነገረው ከወጣ ግማሹ ይቀርበታል። በደንብ ካየ በኋላ ይነገረው ነው የምለው።

ጆን ፎልክና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1978 ያወጡት ጥናት አለ። ልጅ ፈጽሞ የማያውቀው ቦታ ሲወሰድ አእምሮው ቦታውን በመላመድ ይጠመዳል፣ ለትምህርቱ የሚተርፈው ያንሳል። እናንተ መምህራን ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ከጉብኝቱ በፊት በነበረው ቀን ስለ ጥንታዊ ሥልጣኔ ከምታወሩላቸው መጸዳጃው የት እንደሆነ፣ ምሳ የት እንደሚበሉ፣ ምን መንካት እንደሚቻል ንገሯቸው። የሕንፃውን ፎቶ አሳዩአቸው። ያኔ ሲገቡ ዓይናቸው ዕቃው ላይ ነው።

ጉብኝቱን የዓመት መዝጊያ ሽልማት አታድርጉት። ትምህርቱ መሃል ላይ፣ ጥያቄ ተይዞ ሲኬድ ነው የሚጣፍጠው። የጥያቄ ወረቀት አስይዞ ልጆቹን ከመግለጫ ጽሑፍ ላይ መልስ ሲገለብጡ ማዋልም ይቅርብን፤ ዕቃውን ቀና ብለው ሳያዩት ነው ሃያውን ጥያቄ የሚጨርሱት፣ ቆሜ አይቻለሁ። ከዚያ ይልቅ ባዶ ወረቀትና እርሳስ ስጧቸውና አንድ ነገር መርጠው ይሣሉ። የሚሥል ልጅ ሳይወድ በግድ ያያል።

ስለ መግለጫ ጽሑፍ ካነሳሁ የቋንቋ መምህራን ዛሬ አልተነካችሁም። ሙዚየም ውስጥ ያሉ ግሦችን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? "ተገኘ"፣ "ተሰበሰበ"፣ "ተወሰደ"፣ "ወደ ሙዚየሙ ገባ"። ሁሉም አድራጊ የላቸውም! ዕቃው በእግሩ የመጣ ይመስላል። ለተማሪዎች እንዲህ ያለ አረፍተ ነገር ስጡና "አድራጊውን ጨምራችሁ ጻፉት" በሏቸው። ማን ሰበሰበ? ከማን ወሰደ? ባለቤቱ እሺ ብሎ ነበር? ሰዋስው ሲማሩ ታሪክ ውስጥ ይገባሉ።

ይህ ደግሞ ባዶ ጨዋታ አይደለም። የቤኒን ነሐሶች የሚባሉትን ታውቋቸዋላችሁ፤ የእንግሊዝ ጦር በ1897 ዛሬ ናይጄሪያ ውስጥ ያለችውን ቤኒን ከተማን ሲወርር የዘረፋቸው ናቸው፣ በየአገሩ ሙዚየም ተበትነዋል። ለንደን ያለው ሆርኒማን ሙዚየም በ2022 የ72 ዕቃዎችን ባለቤትነት ለናይጄሪያ አስተላለፈ። ከመወሰኑ በፊት አስተያየት ከጠየቃቸው ሰዎች መካከል ምሁራንና ጎብኚዎች ብቻ ሳይሆኑ ተማሪዎችም ነበሩበት። ይህን ሳነብ ቀናሁ። ልጆችን "ይህ የማን ነው?" ብሎ የሚጠይቅና መልሳቸውን ቁም ነገር ብሎ የሚሰማ ሙዚየም፣ አንድ የሥነ ዜጋ ትምህርት ዓመት ሙሉ የማያደርሰው ቦታ ያደርሳቸዋል።

ስለ ኢንተርኔት በአጭሩ። የአሜሪካው የሙዚየሞች ተቋም ስሚዝሶኒያን በየካቲት 2020 2.8 ሚሊዮን ምስል ማንም እንደፈለገ እንዲጠቀምበት ለቀቀ፣ ከዚያም ጨምሯል። አምስተርዳም ያለው ራይክስሙዚየም "የሌሊቱ ጥበቃ" የሚባለውን የሬምብራንት ሥዕል በ717 ጊጋፒክስል (717 ቢሊዮን ነጥብ ማለት ነው) ፎቶ አንስቶ አስቀምጦታል፤ የቀለሟ ስንጥቅ ሳትቀር ትታያለች፣ ሙዚየሙ ውስጥ ቆሞ እንኳ እንዲህ አይታይም። ሙዚየም በቅርብ ለሌለው ትምህርት ቤት ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ስክሪን ላይ ሁሉም ነገር እኩል ነው፤ መዳፍ የምታህለው የባቢሎን ጽላትና ያ ሥዕል አንድ ያህላሉ። መድኃኒቱ ጠመኔ ነው። ሥዕሉ 379 በ453 ሴንቲ ሜትር ነው። ልጆቹ ሜትር ይዘው የግቢው ግድግዳ ላይ ይለኩትና ፊቱ ይቁሙ። ሳቅና ጩኸት ነው የሚሆነው፣ ግን የሥዕሉን ትልቅነት አይረሱትም።

እሺ፣ ጨረስኩ መሰለኝ። ገሏ የት ናት? እዚያ ከኋላ? እባካችሁ ኪስ ውስጥ አትግባብኝ።

አቤት? ቆይ፣ ድምፅ ማጉያው ይድረስዎት እቴቴ።

(እዚህ ላይ ከመጨረሻው ረድፍ አንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ተነስተው፣ ገሏን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አድርገው፣ ከጠርዟ በታች በውስጥ በኩል የሆነ ጎድጎድ ያለ ነገር እንዳለና ውስጡ ቀጫጭን መስመሮች እንደሚታዩ ተናገሩ። "አሻራ ይመስላል፤ የእኔ ጣት ግን አይገባበትም" አሉ።)

እስቲ ልየው። ይቅርታ፣ አንዴ መነፅሬን... ወይ ጉድ። ይህችን ገል ስንት ዓመት ይዤያት ስዞር አላየሁትም። ከዚያ ጥግ ብርሃን ካልመጣ አይታይም። እዚህ ቤት ውስጥ ማስመሪያ የያዘ ሰው አለ?